የቤት ኖራ፣ የአደባባይ ኖራ

ከሚሴ ያደርኩት አስቤበት አይደለም። ከደሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ከሚሴ ሲደርስ ሞተሩ እምቢ አለ። ረዳቱ «እንግዲህ ነገ ነው» ብሎ በየአልጋ ቤቱ በተነን። ከሚሴ የኦሮሚያ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአዲስ አበባና የደሴን መንገድ ግራና ቀኝ ይዛ ተዘርግታለች። ሙቀቷ ቀልድ አያውቅም።

አልጋ የምታከራየው ልጅ ሁለት ዓይነት ክፍል እንዳላት ነገረችኝ።

«ያልተቀባና የተቀባ አለ። የተቀባው መቶ ብር ጭማሪ አለው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቀለሙ ነዋ!» አለችኝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ።

መቶ ብሬን ጨምሬ ገባሁ። ከወገብ በታች ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ነው። ያብለጨልጫል። አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ግድግዳውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ግን ቀለሙ አብጧል። እንደ ልጅ ጫን አደረግሁት። ፍርክስ አለና ቀለሙ ከነጭቃው፣ ጭቃው ከነጭዱ መዳፌ ሙሉ ወረደልኝ። ደነገጥኩ። ጥፋቴን ለመሸፈን አልጋውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረግሁት። ይሄኔ ወለሉ ላይ የቆየ የአልጋ እግር ጭረት አየሁ። ለካ ከእኔ በፊት ያደረውም እንግዳ ይህንኑ አድርጓል!

ሌሊቱን ግድግዳው ሲያልበው፣ እኔም ሲያልበኝ፣ የሻገተ ነገር ሲሸተኝ አደርን። «አደርን» ማለቴ እኔና ግድግዳው ነን።

ጠዋት መኪናው ከሰዓት በፊት እንደማይነሣ ተነገረን። ደሴ ያለው ወዳጄ በስልክ ይህን ሲሰማ «ምን አልጋ ቤት ያስገባሃል? እናቴ ጋ አትሄድም?» ብሎ ተቆጣኝ። ሄድኩ። ቤቱ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ዞር ብሎ ነው። ለአረፋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እናትየው ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠምጥመው፣ ከግማሽ በርሜል የተበጠበጠ ኖራ በቃጫ ብሩሽ እየጠቀሱ ሳሎናቸውን ይቀባሉ። የልጅ ልጃቸው ወንበር ላይ ቆማ ኮርኒሱን ይዛለች።

«ግባ ልጄ፣ ቤት ለእንቦሳ በል። ግድግዳውን ብቻ አትደገፍ» አሉኝ።

ገባሁ። ውጭው ከአልጋ ቤቱ የማይሻል የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ አንድ፣ እሱም ትንሽ። ነገር ግን ከውስጥ መብራት ያልጠፋበት ቤት ይመስላል። በዚያች ትንሽ መስኮት የገባው ብርሃን ነጩ ግድግዳ ላይ አርፎ፣ ከዚያ ወደ ነጩ ኮርኒስ ወጥቶ፣ ተመልሶ ፊታችን ላይ ይወርዳል። ደግሞም ይቀዘቅዛል። የሌሊቱ ላብ እዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ቀረ።

ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ልጆችዎ ሥራ ይዘዋል። ለምን ቀለም አያስቀቡም?»

«ቀለም አስቀብተውልኝ ነበር» አሉኝ። «ዓመት ሳይሞላው ተላጠ። ቀለም ሲላጥ ልጆቼ ገንዘብ እስኪልኩ፣ ቀቢው ቀጠሮ እስኪሰጠኝ እጠብቃለሁ። ኖራ ሲላጥ ነገ ጠዋት እዚሁ አለሁ።»

እንግዲህ ዛሬ ልተች የተነሣሁት ከእኚህ እናት ግድግዳና ከዚያ አልጋ ቤት ግድግዳ መካከል ስላለው ነገር ነው። አንዱን የኋላ ቀርነት፣ ሌላውን የሥልጣኔ ምልክት ያደረግነው እኛ ነን። መቶ ብር የምንጨምረውም ለተላጠው ነው።

ኖራ ምንድን ነው? የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ያልበረደ ኖራ የምንለው ይቀራል። ያልበረደው ኖራ ውሃ ሲያገኝ እሳት ሳይነካው ይፈላል፣ ይንተከተካል። ከበረደ በኋላ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲቀባ፣ በእቶን ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምንተነፍሰው አየር ላይ ቀስ በቀስ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ እኚያ እናት በቃጫ ብሩሽ የሚቀቡት እንደ ወረቀት የሳሳ ድንጋይ ነው ማለት ነው። በየዓመቱ አንድ ስስ ድንጋይ ይደርባሉ።

ወንድሙ ደግሞ አለ። የጠመኔ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ እንዲይዝ ኮላ ይገባበታል። ይሄኛው ድንጋይ አይሆንም፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይለቃል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይታጠባል። ፈረንጆቹ ዲስቴምፐር ይሉታል። በእንግሊዝም በህንድም የብዙ ሰው መኝታ ቤትና ኮርኒስ ለረጅም ዘመን የተቀባው በእሱ ነው። ኖራውንም ጠመኔውንም ያላገኘ ባለአገር ነጭ አፈር ፈልጎ፣ በውሃ በጥብጦ ቤቱን ይለቀልቃል። ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ጨለማ ቤትን ማብራትና ግድግዳን ማስተንፈስ።

ማስተንፈስ የምለው ለማሳመር አይደለም። የአብዛኛው የአገራችን ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በማገር ተይዞ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃ ውሃ ይጠጣል። የወጡን እንፋሎት፣ የክረምቱን ፍንጣቂ፣ ተኝተው የሚያድሩትን ሰዎች ትንፋሽ ሁሉ ይጠጣና፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሰዋል። ኖራ ይህን አይከለክለውም። ዘይት ቀለም ግን በሩን ይዘጋበታል። ጭቃው የጠጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ ከቀለሙ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ጭቃው ይልላል፤ ቀለሙ ያብጣል፤ በመጨረሻ አንድ ነገረኛ እንግዳ በጣቱ ጫን ሲያደርገው ሁሉም አብሮ ይወርዳል። እኔ ሌሊቱን ያየሁት ይህንን ነው። ቀለሙ መጥፎ ቀለም ስለሆነ አይመስለኝም፤ ያለቦታው ስለገባ ነው።

ይህንን እኛ ብቻ አይደለንም የተሳሳትነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1877 የተመሠረተ የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር አለ። አሮጌ ቤት ያላቸውን ሰዎች ሲመክር፣ ግድግዳችሁን በሲሚንቶና በማያስተነፍስ ቀለም አትድፈኑት፣ ወደ ኖራ ተመለሱ ይላል። እነሱ ቤታቸው ሲበሰብስ ነው የገባቸው። እኛ ደግሞ የእነሱን ጥፋት በመቶ ብር ጭማሪ እየገዛን ነው።

የኮርኒሱን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ዛሬ ቺፕውድና ጂብሰም ሳይመጣ በፊት የብዙዎቻችን ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ አቅም ሲያጥር ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ። ጨርቁ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ በሚስማር ዙሪያውን ይያዛል። ከዚያ ኮላ የገባበት ኖራ ወይም ጠመኔ ይቀባል። ሲቀባ ሆዱን ዘርግፎ የነበረው አቡጀዲ፣ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ እላዩ ላይ የሚሯሯጡትን አይጦች ዱካ ከታች ሆኜ በዓይኔ እከተል ነበር። ለበዓል ሲቀባ እናቴ ለልብስ ማንጫ የምትገዛውን ሰማያዊ ዱቄት ቆንጠር አድርጋ ኖራው ውስጥ ትጨምራለች። «ነጩ ነጭ እንዲሆን» ትላለች። ጨውም ትጨምራለች፤ ልብስ ላይ እንዳይለቅ። ያ ቤት ሀብታም አልነበረም። ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ይሆን ነበር። ዛሬ በስንት ሺህ ብር የተቀባ ቤት ውስጥ የምንኖር ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ቤት እናገኛለን?

ታዲያ ኖራን ለምን ናቅነው? አንደኛው ምክንያት ርካሽ ስለሆነ ነው። ርካሽ ነገር በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ ተከሳሽ ነው። የጎንደርን ግንቦች ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዘው የ17ኛው መቶ ዘመን ኖራ መሆኑን ስንሰማ እንኮራለን። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጀጎል ስንጎበኝ ነጭ የተቀቡትን የቤቶቹን ውስጥ ፎቶ እናነሣለን። እዚያው ከሚሴ አጠገብ ሾንኬ አለች፤ አርጎባዎች ተራራ ላይ በድንጋይ የካቧት፣ ጣሪያዋ አፈር የሆነ መንደር። ቱሪስት ይዘን ሄደን «የጥበብ አባቶች» ብለን እናደንቃለን። ከጉብኝቱ ስንመለስ ግን የራሳችንን እናት ግድግዳ «ይሄን ነገር አስቀቢው እንጂ፣ ሰው ያፍርብናል» እንላታለን። ቅርስ የሚሆነው የሌላ ሰው ኖራ ብቻ ነው እንዴ?

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። ኖራ ስሙ ጠፍቶበታል። ወንጌል ግብዝን በኖራ ከተለሰነ መቃብር ጋር ያመሳስለዋል። እኛም በአማርኛችን አንድ ሰው ጥፋት ሲሸፍን «ለመለሰን ነው» እንላለን። ይህን ስም ለኖራ ያወጣለት ማነው? በእኔ ግምት የቤቱ ኖራ አይደለም። የአደባባዩ ኖራ ነው።

የአደባባይ ኖራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ከተባለ የመንገድ ዳር ድንጋይ ነጭ ይቀባል። የዛፍ ግንድ እስከ ወገቡ ነጭ ይቀባል። አጥር ይቀባል፣ ቱቦ ይቀባል፤ ቆሞ የተገኘ ፍየልም ለጥቂት ነው የሚተርፈው። እንግዳው በመኪና ሽው ብሎ ያልፋል። በሳምንቱ ዝናብ ይመጣና ሁሉንም ያጥበዋል።

መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ በአርማና በመፈክር አሸብርቃ፣ የትግላችን ሐውልት ተመርቆ፣ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። የጎስቋላ ሰፈሮች ጉስቁልና ለእንግዳ እንዳይታይ በአጥር ተጋርዶ ነበር። በዚያው ሰሞን በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ያንን ሁሉ ልስን በጥቂት ደቂቃ አፈረሰው። ያኔ ከሚሴም የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ለበዓል ሲባል ፊትን መቀባት ምን ማለት እንደሆነ ይህ መንገድ ያውቃል።

አሁንስ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲተከል፣ እግረኛ መሄጃ ሲያገኝ አልጠላም። የሚጠላም ያለ አይመስለኝም። የሚገርመኝ ቃሉ ነው። ኮሪደር በቤት ቋንቋ የውስጥ መተላለፊያ ነው። እኛ ግን ውጭ አወጣነው። የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ፊት ተመሳሳይ ቀለም እንዲቀባ ሲባል፣ ባለሱቁ ያለችውን ቋጥሮ ፊቱን ይቀባል። ከፊቱ ጀርባ ያለው ክፍል ግን ጭሱም፣ ጥላሸቱም፣ እርጥበቱም እንዳለ ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይሉ ነበር አበው።

የቤት ኖራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንም ለማያየው ክፍል ይቀባል። የሚቀባው ጓዳ ነው፣ መኝታ ነው፣ ኮርኒስ ነው። ከመንገድ የሚያልፍ ሹም አያየውም። የሚያየው እዚያው ውስጥ የሚኖረው ሰውና ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤት ነው። ስለዚህ የእናቶቻችንን ኖራና የእንግዳ መቀበያውን ኖራ በአንድ ስም ጠርተን ሁለቱንም «መሸፈኛ» ማለታችን ግፍ ነው ባይ ነኝ። አንዱ ለራስ መኖሪያን ማጽዳት ነው፤ ሌላው ለሌላ ሰው ዓይን መዋሸት።

ይህን ስል ግን ኖራን ታቦት እያደረግሁት አይደለም። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ እጅ ይልጣል። በየዓመቱ የሚቀባውም ማነው? ሴቷ ናት። ወንዶቹ ለበዓል የምናበረክተው አብዛኛውን ጊዜ «አልደረቀም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ወንበር ላይ ቆማ ኮርኒስ ስትይዝ ያገኘኋት ልጅ አንገቷን እያሻሸች «ቀለም ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ አርፍ ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። የእናቶችን ድካም እያወደስን ብሩሹን ግን የማንነካ ሰዎች አንሁን።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ከሚሴ ቆላማ ናት፤ ወባ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያው አገልግሎት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚነፉ ሰዎችም በየቤቱ መግባት ጀመሩ። ዲዲቲ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በሌሎች መድኃኒቶች ቢተካም ሥራው ያው ነው። ደም የመጠጠችው ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ግድግዳው ላይ ያለው መድኃኒት ይገድላታል። መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ከሦስት ወር እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሠራል፤ ማንም ካልሸፈነው። እና እናት ለበዓል ብላ ኖራ ስትቀባበት፣ መድኃኒቱ ከኖራው ሥር ይቀበራል። ኖራ በባሕርይው አንዳንዶቹን መድኃኒቶች ቶሎ ያዳክማቸዋል ይባላል፤ ስለዚህ የተቀበረው ብቻ ሳይሆን የተረፈውም ይጎዳል። ንጽሕና ወዳዷ እናት ሳታውቀው የወባ ትንኝ ወዳጅ ሆነች ማለት ነው።

«ታዲያ እናንተስ?» ብዬ ልጅቷን ጠየቅኋት።

«እኛ ዘንድሮ ተመችቶናል» አለች። «አረፋ ግንቦት ላይ ዋለልን። መጀመሪያ ኖራው፣ ርጭቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ከተረጨ በኋላ ስድስት ወር አንነካውም።»

ይህች ልጅ የነገረችኝን ማንም ባለሙያ ነግሮኝ አያውቅም። አስቡት። ርጭቱ ዝናብን ተከትሎ በክረምት መግቢያ ይመጣል። የእስልምና በዓላት ግን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደፊት እየቀደሙ ወቅቱን ይዞራሉ። ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አረፋ ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት መግቢያ ባለው ጊዜ ሲውል፣ በየቤቱ የተቀባው ኖራ በክረምቱ ርጭት ላይ ነው የተቀባው። የክርስቲያኑ ጎረቤት ኖራ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ስለሆነ በየዓመቱ ርጭቱን ተከትሎ ይመጣል። ይህ የአላዋቂነት ጉዳይ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። «ግድግዳችሁን አትንኩ» ብሎ ከመሄድ ይልቅ፣ «በዓላችሁ መቼ ነው? እናንተ መጀመሪያ ቀቡ፣ እኛ ከዚያ እንምጣ፤ ካልሆነም ዘንድሮ አንድ በዓል ዝለሉ» ብሎ ከሴቶቹ ጋር ቡና መጠጣት ይቻል ነበር። ወባ ሰሞኑን ባሉት ዓመታት እንደገና ባገረሸበት አገር፣ ይቺ አንድ ስኒ ቡና ስንት ሰው ታድን ይሆን?

የነገሬ ማሰሪያም ይኸው ነው። ቤታችንን ከውስጥ የሚያውቀው ሰው አይጠየቅም። ቀለም ሻጩ የግድግዳውን ጭቃ አይጠይቅም። ፊት አስቀቢው ከፊት ጀርባ ያለውን አይጠይቅም። መድኃኒት ነፊው የበዓሉን ቀን አይጠይቅም። ሁሉም ከደጅ ሆኖ ያዛል። ቀለም አትቀቡ አልልም፤ ብሎኬት ቤት ያለው የፈለገውን ይቀባ። ጭቃ ቤት ላይ ዘይት ቀለም የሚለጥፍ ሰው ግን ገንዘቡንም ግድግዳውንም እየጣለ መሆኑን አንድ ሰው ይንገረው። የከተማ ፊት የሚያስቀቡ ሹማምንትም ቀለሙን ከመምረጣቸው በፊት ጫማቸውን አውልቀው አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይግቡ። ያን ጊዜ ምን መቀባት እንዳለበት ግድግዳው ራሱ ይነግራቸዋል።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ተነሣ ተባልኩ። እማማ እስከ ደጃፍ ሸኙኝ። ኮቴ ላይ ያረፈውን ኖራ በሻሻቸው ጫፍ እያራገፉልኝ፣

«ልጄ፣ የመንገዱን ቤቶች ሁሉ አንድ ቀለም ሊያስቀቡ ነው ይላሉ። እንዲያው እኛ ጋስ ይደርስ ይሆን?» አሉኝ።

ወደ ዋናው መንገድ አየሁ። የእሳቸው ቤት ከዚያ ፈጽሞ አይታይም።

«አይመስለኝም እማማ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወደ በርሜላቸው ተመለሱ።